ሄስተር ኮልታርድና የአንካሳው ዝይ እሳት

ሄስተር ኮልታርድ መቆስቆሻውን የተረከበችው በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። መቆስቆሻው ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ የተቆለመመ ተራ ብረት ነበር፤ ሜዳ ላይ ወድቆ ብታገኙት ጎንበስ ብላችሁ አታነሡትም። እኛ የክራግሆፕ ሰዎች ግን ከቤተ ክርስቲያናችን ደወል አብልጠን እናከብረው ነበር። "አንካሳው ዝይ" የሚባለውን መጠጥ ቤታችንን የሚለቅ ሰው ለተተኪው የሚያስረክበው ቁልፉን ሳይሆን መቆስቆሻውን ነው። ሁለቱ ምድጃው ፊት ይቆማሉ። የሚለቀው "አልጠፋም" ይላል፤ የሚረከበው "አይጠፋም" ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ሁሉም ይጠጣል። ቄስም ዳኛም አያስፈልግም።

"አልጠፋም" የሚባለው እሳቱ ነው። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም ይባላል። ቀን ይነዳል፣ ማታ ይዳፈናል፣ ጠዋት አመዱ ተገልጦ ረመጡ ይቆሰቆሳል። ሌላው መንደር ግንብ ወይም የጥንት መቃብር አለኝ ብሎ ይኮራል። እኛ ያለን ያ እሳት ብቻ ነበር፤ በእሱም አንገታችንን ቀና አድርገን እንሄድ ነበር።

መጀመሪያ ያነደደው ካልብ ቲዝዴል ነው። ካልብ የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪ ሳለ ድንጋይ እግሩ ላይ ወድቆበት ከሥራ ወጣ፤ አሁን መኪና የሚቆምበት ሜዳ ላይ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ሠራ፤ ከእናቱ ምድጃ የጫረውን ፍም በብረት ድስት ይዞ፣ በበረዶ ላይ እያነከሰ ሁለት ሰዓት ተጓዘና ቢራ መሸጥ ጀመረ። ቤቱ ስሙን ያገኘው ከካልብ እግር ነው የሚሉ አሉ። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ "በእኔ አይደለም፣ በዝዬ ነው" እያለ ይከራከር ነበር። እውነትም አንድ እግሩ የተሰበረ፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ሲያይ የሚናከስ ዝይ ነበረው አሉ።

ከካልብ አማቹ ማቲው ብሌንኪን ተረከበ። ማቲው ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድለት በሕይወቱ አንድ ጉንጭ ቢራ አልቀመሰም። እየቀዳ ይመክራል፣ እየመከረ ይቀዳል። ሁለተኛ ብርጭቆ ያዘዘ ሰው የሚስቱና የልጆቹ ስም እየተጠራበት ነው የሚጠጣው። ያም ሆኖ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ቤቱ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ምናልባት ሰው እየተወቀሰ ሲጠጣ ይበልጥ ይጣፍጠው ይሆናል፤ እንጃ።

ቀጥሎ መንትዮቹ ኤዝራና ኤኖስ ላምብ ያዙት። በአንድ ውሻ ምክንያት ተኳርፈው፣ አንዱ በባንኮኒው ወዲህ ጫፍ፣ ሌላው በወዲያ ጫፍ ሆነው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይነጋገሩ ሠሩ። "ለዚያ ሰውዬ በርሜሉ አልቋል በልልኝ" ይላል ኤዝራ፣ ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ። ለእሳቱ ግን ኩርፊያ አልነበረም፤ ማታ ኤዝራ ያዳፍናል፣ ጠዋት ኤኖስ ይቆሰቁሳል። ከእነሱ ዋልተር ጎውላንድ ተረከበና አርባ አንድ ዓመት ቆየ። ዋልተር ክፉ ወሬ ሲወራ ጆሮው የሚደነቁር፣ ደግ ወሬ ሲወራ የሚከፈት ሰው ነበር።

የዋልተርን ዘመን ደርሼበታለሁ። እኔ ክራግሆፕ የገባሁት ከጦርነቱ አሥር ዓመት ያህል በኋላ፣ ፖስታ አመላላሽ ሆኜ ነው፤ ሄስተር ልትረከብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራት። ስሜ ዊልፍ ነው፤ እዚህ ግን እስከ ዛሬ "ፖስታ" እየተባልኩ ነው የምጠራው። ደብዳቤ ማደል ከተውኩ ስንት ዘመኔ!

ሄስተር የአገሩ ተወላጅ አይደለችም፤ ከወዲያኛው ሸለቆ ነው የመጣችው። ባሏ ኤድዊን መርከበኛ ነበር፤ በጦርነቱ መርከቡ ሰጥማ ባሕር ውስጥ ቀረ። መቃብር የለው፣ ድንጋይ የለው። እሷ ደግሞ ባሕር አይታ አታውቅም። ከሐዘኑ በኋላ በዋልተር ወጥ ቤት ተቀጥራ ሥጋ በሊጥ እየጋገረች፣ በርሜል እየተሸከመች ዘጠኝ ዓመት ሠራች። "ትንሽ ጊዜ ሳገኝ ሄጄ ባሕሩን አየዋለሁ። ኤድዊን ያለበትን ሳላይ አልሞትም" ትል ነበር። ልጅ ያልነበረው ዋልተር ጉልበቱ ሲደክም፣ ማን ይተካህ ሲሉት፣ ወደ ወጥ ቤቱ በር በአገጩ አመለከተ።

ወንዶቹ አጉረመረሙ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ሴፕ ሬይን ነው። ሴፕ ለመንደሩ ማገዶ የሚያቀርብ ወንደላጤ ነበር፤ የሰባት ልጆች መጨረሻ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ካልጮኸ የሚሰማው ሰው ያለ አይመስለውም። የምናነደው ፒት ነው። በግንቦት ከተራራው ረግረግ እንደ ጡብ እየተቆረጠ፣ ተከምሮ የሚደርቅ አፈር ነው፤ ከደረቀ እንደ ኩበት ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ሲዳፈንም ረመጡ ያድራል። ርጥብ ከሆነ ግን እሳት ያፍናል።

"ሴትና ይህ እሳት?" አለ ሴፕ፣ ሄስተር መቆስቆሻውን እንደያዘች። "እስከ ፋሲካም አይቆይም!"

"ምላስህ ከእሳቱ በፊት ይብረድልህ፣ ሴፕ" አለችው። "በል እግርህን ሰብስብ፣ ልጥረግበት።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴፕም ሳይወድ በግድ ሳቀ።

በየካቲት ያ ጠዋት መጣ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዬን ተሸክሜ ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ መንደሩ ስወጣ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ መሬቱ አመዳይ ለብሷል። ቀና ብል የአንካሳው ዝይ ጭስ ማውጫ ባዶ ነው። ምንም የለም። መጀመሪያ የማድለው በትይዩ ላሉት ለሚስስ ዶድስ ነበርና በራቸውን እየደበደብኩ "ሚስስ ዶድስ! አንካሳው ዝይ ጭስ የለውም እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

ሚስስ ዶድስ ያኔ ስድሳ ዓመት የሞላቸው፣ አጭርና ቆፍጣና ባልቴት ነበሩ። በሩን ከፍተው በክንዴ ጎትተው አስገቡኝ።

"ቀስ በል! ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?"

"እሳቱ ጠፍቷል መሰለኝ።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አንድ ሰዓት ተኩል።"

"እንግዲያው አላየህም" አሉኝ። "እዚህ መንደር ከሦስት ሰዓት በፊት ጭስ አይታይም።"

"አይታይም ማለት?"

"አይታይም ማለት አይታይም! ቀና ተብሎ አይታይም። እናትህ የሰው ጓዳ አይታይም ብላ አላሳደገችህም እንዴ?"

"ሦስት ሰዓት ላይስ ካልጨሰ?"

"ይጨሳል። አሁን ደብዳቤዬን ስጠኝና መንገድህን ቀጥል። መሬት መሬቱን እያየህ!"

እውነትም መንደሩ ሁሉ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። አስተማሪዋ በራፏ ላይ ቆማ የጫማዋን ክር ሦስቴ ስትፈታና ስታስር አገኘኋት። አንጥረኛው ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶታል። አንዱ በግ አርቢ ጀርባውን ለመጠጥ ቤቱ ሰጥቶ አጥር ይጠግናል፤ አጥሩ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። ሄስተር ተጨንቃ ከሆነ እስክትረጋጋ ጊዜ ይሰጧታል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጭስ ካለ አለ ነው፣ በፊት ምን እንደነበረ ያየ የለም። ማን እንደደነገገው አይታወቅም፤ ከካልብ ልጆች ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ነበር።

ቀና ብሎ ሲያይ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሴፕ ሬይን። ከደጁ ቆሞ ባዶውን ጭስ ማውጫ ያያል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰላም ብለው አልሰማኝም። ባለጌ ነው ብዬ አለፍኩት።

ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጭሱ ብቅ አለ። ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚጣደፍ ጭስ ነበር። ደብዳቤ ይዤ ስገባ ሄስተር ምድጃው ፊት ተንበርክካለች፤ ግንባሯ ጥላሸት ነክቶታል። እሳቱ ከመጠን በላይ ይንቦገቦጋል። ሌሊቱን ተዳፍኖ ያደረ እሳት እንዲህ አይነድም፤ ወረቀትና ጭራሮ ሲሆን ነው እንዲህ የሚነደው። ወለሉ ላይ አንድ የክብሪት እንጨት ወድቆ ነበር። እሷም እኔም እኩል አየነው። በጫማዋ ሸፈነችው።

"ምነው ቆምክ?" አለችኝ።

"ምንም። ደብዳቤ አለ።"

"ብርድ ነው አይደል ዛሬ?"

"ብርድ ነው" አልኩና ወጣሁ።

ማንም ምንም ስላላላት ማንም አላየም ብላ ደመደመች። የመንደሩ ደግነት ያተረፈላት ይህንን ነው፤ ሸክሙን ለብቻዋ እንድትሸከም። እሳቱን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ዋልተር ዓይኔን እያየ "አልጠፋም" ብሎ ያስረከበኝን በአራት ወር አጠፋሁት፣ ብላ አመነች። ለማን ትናገር? ሁላችንም በዚያ እሳት ስንኮራ በየቀኑ ትሰማለች።

ሐዘንተኛ ሆና ኖረች ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲያውም ከአምስቱ ሁሉ እሷ የያዘችው ዘመን ነው የጣመው። ስትስቅ ብርጭቆው ሁሉ ይንቃጨላል። የምትሠራው የበግ ሥጋ በሊጥ ከወዲያኛው ሸለቆ ሰው ይጠራ ነበር። አንዱ ሚስቱን አስቀይሞ ከመጣ ቢራ ከመቅዳቷ በፊት "ሂድና ይቅርታ ጠይቀህ ና፣ ብርጭቆህ ይጠብቅሃል" ትለዋለች፤ ሄዶ ይመጣል። የታመመ ካለ ሾርባ ትልካለች። ሐዘን የደረሰበት ሰው ምድጃው ጥግ ያለው ወንበር ይለቀቅለታል፤ ማንም አያናግረውም፣ ማንም ብቻውን አይተወውም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከክራግሆፕ ውጪ አንድ ሌሊት አድራ አታውቅም። እህቷ ኮኒ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ አግብታ በየክረምቱ "ነይ፣ ባሕሩ ከመስኮቴ ይታያል" እያለች ትጽፍላት ነበር። ደብዳቤዎቹን የማደርሰው እኔ ነኝ።

"ሂጂ እንጂ" እላታለሁ። "እሳቱን እኛ እንጠብቅልሻለን።"

"አይ ፖስታ። አንድ ሌሊት ቢጠፋስ?"

እንግዳ መንገደኛ ገብቶ "እውነት ይህ እሳት ጠፍቶ አያውቅም?" ሲል "አዎ" ስትል ሰምቼ አላውቅም። "እንደዚያ ይላሉ" ብላ ፊቷን ወደ በርሜሉ ታዞራለች። የጠፋውን እሳት ለብቻዋ እንደተሸከመችው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስንት ቀን ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ግን ምን ልላት ነው? አየሁ ካልኩ ነውሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መንደሩን ሁሉ ማጋለጤም ነው። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። ጨዋነት ጥሩ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ሰው ይጎዳል፣ ይኸው ነው።

ሴፕ ሬይን ደግሞ ከዚያ የካቲት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። በሌላው ነገር ሁሉ አንደበቱ እንደ ሬት መምረሩን አልተወም። በየመከሩ ግን በጋሪ ሙሉ ፒት ለአንካሳው ዝይ ያመጣል፤ እያንዳንዱን ጡብ ጉንጩ ላይ እያስነካ፣ ርጥበት ያለውን እየጣለ።

"ምን ነክቶህ ነው ሴፕ?" ትለዋለች። "ለእናትህ ምድጃ እንኳ እንዲህ አትመርጥም።"

"ጓሮዬን አጣቦብኝ ነው። ዝም ብለሽ ተቀበይ።"

"እስከ ፋሲካ አይቆይም ያልከው እሳት እኮ ነው።"

ይህን ስትል ሴፕ ብርጭቆው ውስጥ አቀርቅሮ ዝም ይላል። ሴፕና ዝምታ! እሷ ግን ለቀልድ ነበር የምትለው።

እንዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፈ። ወጣቱ ወደ ከተማ ሄደ፣ የድንጋይ ካባው ተዘጋ፣ አንዳንድ ቀን ከአምስት ሰው በላይ አይገባም ነበር። በመጨረሻ የቤቱ ባለንብረት የሆነው ቢራ ፋብሪካ ደብዳቤ ጻፈ፤ ቤቱ በመጋቢት መጨረሻ ይዘጋል። ያደረስኩት እኔ ነኝ። ፖስታ መሆን የሚያስጠላው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ሄስተር አነበበችው፣ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው፣ "እንግዲህ ሻይ ጠጣ" አለችኝ። የተከራየችው ጎጆ ከሚስስ ዶድስ ቤት ቀጥሎ ነበርና ሩቅ አትሄድም። ያስጨነቃት ሌላ ነው።

ሐሳቡን ያመጣችው አስተማሪዋ ናት። በመጨረሻው እሑድ ቀትር ላይ እያንዳንዱ ቤት ባልዲና አካፋ ይዞ ይምጣ፤ ካልብ ከእናቱ ቤት ያመጣውን እሳት ለየቤታችን እንካፈለው፤ መጠጥ ቤቱ ቢዘጋም እሳቱ አይጠፋም። ሁሉም በደስታ ተቀበለ። ሄስተር ብቻ ተነሥታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

እሑድ ቀትር ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ አንዱ ባልዲ፣ አንዱ ድስት፣ አንዱ የድሮ የወታደር የብረት ቆብ ይዟል። ሚስስ ዶድስ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ክብ ወንበር ላይ ተቀምጠው የድንጋይ ከሰል ማንሻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ሴፕ የተለመደ ቦታው ላይ፣ ምድጃው ጥግ ነው። አስተማሪዋ "መቶ ሃምሳ አምስት ዓመት ጠፍቶ የማያውቅ እሳት..." ብላ ንግግር ስትጀምር፣ ሄስተር በመቆስቆሻው የምድጃውን ድንጋይ ሁለቴ መታች።

"ይቅርታ፣ ተዪው" አለች። "ውሸት ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ አትግቡ።"



"ይህ እሳት መቶ ሃምሳ ዓመቱ አይደለም። ሠላሳ ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ የካቲት ውስጥ፣ ማታ አዳፍኜው ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ ቀዝቅዟል። አመዱን በጣቴ በረበርኩት፣ አንዲት ፍም የለችም። በክብሪት ነው የለኮስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ዋልተር አምኖ ሰጥቶኝ፣ እናንተም አምናችሁኝ... ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ጥዬው አላደርኩም፤ ግን ያኔ ጠፍቷል። የጠፋው በእኔ እጅ ነው። ይኸው።"

ቆማ ጠበቀች። እኛ ደግሞ ሁላችንም መሬት መሬቱን ማየት ጀመርን፤ ልክ እንደዚያን ቀን ጠዋት! አስተማሪዋ የጫማዋን ክር ልትፈታ ጎንበስ ስትል አየሁና ቆሽቴ አረረ። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት የተሸከመችውን አውርዳ ፊታችን አስቀምጣ፣ አሁንም አላየንም ልንል ነው? አፌን ልከፍት ስል ሚስስ ዶድስ ቀደሙኝ።

"ልጄ" አሉ፣ "እናውቃለን እኮ።"

"ምኑን?"

"ጭስ አልነበረም። ፀሐይ ከወጣች እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አልነበረም። እኔ በትይዩ ነው የምኖረው፤ ዕውር አልነበርኩም ያን ጊዜ።"

ሄስተር አንዱን ፊት ከሌላው እያፈራረቀች አየች። ቀና ያለ አላገኘችም፤ ገባት።

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም" አልኩ።

"ፖስታ፣ አንተም?"

"ክብሪቱንም ጭምር።"

"ዋልተርስ ጠፍቶበት ያውቃል?" አለች።

"አራት ጊዜ ነው እኔ የማውቀው" አሉ ሚስስ ዶድስ። "አንዴማ የእህቱ ሠርግ ላይ ሰክሮ ሁለት ቀን ሙሉ። በመንትዮቹም ጊዜ ጠፍቷል፤ ኤዝራ ነው ኤኖስ ነው እየተባለ፤ እናቴ ነግራኛለች።"

"ዓይኔን እያየ እኮ ነው 'አልጠፋም' ያለኝ!"

"ታዲያ ምን ይበልሽ? ሥርዓቱ ነው።"

ይህን ጊዜ ከምድጃው ጥግ የወንበር መንቀጫቀጭ ተሰማ። ሴፕ ተነሣ። ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ለመነሣት የምድጃውን ጠርዝ ይዟል።

"እሷ አይደለችም ያጠፋችው" አለ። "እኔ ነኝ።"

"ቁጭ በል ሴፕ፣ አንተ ደግሞ" አለው አንጥረኛው።

"አልቀመጥም! ያን ሳምንት የጋሪዬ እንጨት ተሰብሮብኝ፣ ደረቁ ክምር ተራራው ላይ ነበር። ስንፍና ይዞኝ ከመንገድ ዳር ካለው ክምር ሥር ርጥቡን አመጣሁላት። 'ደረቅ ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። 'ደረቅ ነው' አልኳት። በዚያ ነው ያዳፈነችው። ጠዋት ጭሱን ሳጣው ወዲያው አወቅሁ።" ወደ እሷ ዞረ። "እስከ ፋሲካ አይቆይም ብዬ በሰው ፊት ፎክሬያለሁ። ሆን ብሎ ነው ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ዓመት ሄደ፣ ሌላው ሄደ... ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ሄስተር። አንድም ቀን ያንቺ ሆኖ አያውቅም።"

ሄስተር ወደ እሱ ዞረች። መጀመሪያ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። መቆስቆሻውን ብድግ አድርጋ የሴፕን ባልዲ ስትመታው ግን ድምፁ እንደ ደወል ቤቱን ሞላው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት!" ብላ ጮኸች። "ሠላሳ አንድ ዓመት ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ አመድ ስበረብር! ኤድዊን ያለበትን ባሕር ሳላይ! አንተ ደግሞ እዚህ ተቀምጠህ ፒትህን ጉንጭህ ላይ ታሻሻለህ! እናንተም፣ እናንተ ጨዋዎች! አንዳችሁ እንኳ ቀና ብላችሁ ብታዩኝ ምን ነበረበት?"

  እኔ በበኩሌ አንገቴን ደፋሁ፤ ያን ጊዜ እንኳ ለጨዋነት አልነበረም፣ ለሐፍረት ነው።

ከዚያ ድንገት ሳቀች። ያ ብርጭቆ የሚያንቃጭለው ሳቋ ነበር፤ እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ ሳቀች፤ ቤቱም ሁሉ አብሯት ሳቀ። ስትጨርስ አካፋውን አነሣች፣ የመጀመሪያውን ፍም ጫረች፣ በሴፕ ባልዲ ውስጥ ጨመረችው።

"ያዝ። ሐምሌ ላይ ባሕር ትወስደኛለህ።"

"እኔ?"

"አንተ። ቦርሳዬንም ትሸከማለህ።"

"ባሕር ደግሞ ምን አለው? ውሃ ነው" አለ ሴፕ፣ ግን ባልዲውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር።

እሳቱን ለሁላችንም አካፈለችን። የሠላሳ ዓመት እሳት ነው፣ ማንም ቅር አላለውም። በዚያ ቀትር ከአንካሳው ዝይ እስከየቤታችን በመንገዱ ሁሉ ባልዲ እየጨሰ ይሄድ ነበር። ምድጃው ሲራቆት ሄስተር አመዱን ጠርጋ፣ የራሷን ድርሻ ፍም ለጎጆዋ በባልዲ፣ መቆስቆሻውን በብብቷ ይዛ በሩን ዘጋች። ጣሪያው በዓመቱ ተነሣ፣ ድንጋዩ ለግንብ ተወሰደ፤ አሁን ተራራ ለመውጣት የሚመጡ ሰዎች መኪናቸውን እዚያ ያቆማሉ። ሄስተር ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት በጎጆዋ ኖራለች፤ ጥሩ ዓመታት ነበሩ። መቆስቆሻው ዛሬ እኔ ቤት ነው፤ ስትሰጠኝ "አልጠፋም" አላለችኝም። "ሲጠፋብህ መጥተህ ጫር" ነው ያለችኝ።

እኔ ግን ሁሌ የማስታውሰው ያንን ሐምሌ ነው። ሄስተርና ሴፕ በአውቶቡስ ከሄዱ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለሚስስ ዶድስ ፖስት ካርድ ይዤ መጣሁ። ሥዕሉ ሰማያዊ ባሕር ነው። በጀርባው ሄስተር እንዲህ ጽፋለች፤ "ደርሻለሁ። ኤድዊንን ሰላም ብዬዋለሁ። ሴፕ ጫማውን አውልቆ ውሃው ቀዝቃዛ ነው እያለ ያማርራል። እሳቱን ሳላዳፍነው ነው የመጣሁት፤ ጠፍቶ እንደሆነ እባክዎ ቀና ብለው ይዩልኝ።"

አነበብኩላቸው። ሚስስ ዶድስ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ክንዴን ተደግፈው ደጅ ወጡ። አስተማሪዋም በራፏ ላይ ነበረች፣ አንጥረኛውም፤ ባርኔጣው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ሁሉም አንጋጠው የሄስተርን ጎጆ ጣሪያ ያያሉ። ጭስ ማውጫው ላይ አንዲት ወፍ ተቀምጣለች።

"ጭስ የለም" አሉ ሚስስ ዶድስ፣ ጮክ ብለው፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ።

"የለም" አልኩ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"አንድ ሰዓት ተኩል።"

"ይሁን" አሉ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ማየታቸውን ቀጠሉ።